«እግርህን የት ጥለኸው መጣህ?» አይሪሾች ስለ ጦርነት የሚዘፍኑት ዘፈን ለምን አይረሳም?

ባለፈው እትም የሙዚቃ ገጻችን ላይ ስለ አየርላንድ የሕዝብ ዘፈኖች ሁለት አንቀጽ ጽፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣልን ጥያቄ ግን ከጠበቅነው በላይ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ጦርነትን ስለሚቃወሙት ዘፈኖች ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የዛሬው አምድ ሙሉ በሙሉ ለነሱ ሆኗል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ በኛ ስጽፍ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብሊን መኖር ከጀመርኩ ትንሽ ቆይቻለሁ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ማታ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፐብ ሄደን አንድ ሽማግሌ ያለ ምንም መሣሪያ መዝፈን ጀመሩ፣ ዘፈኑ ልጇ ሁለት እግሩን አጥቶ ስለመጣባት እናት ነው፣ ሰዉ ግን ጠረጴዛ እየመታ በሳቅ በጨዋታ ይቀበላቸዋል። በእንደዚህ ዓይነት ነገር እንዴት ይጨፈራል? ሀዘን ነው ደስታ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሰማሽው ዘፈን «ሚሲስ ማክግራ» ይባላል። ላልሰሙት አንባቢዎች ታሪኩን ላስቀድም። አንድ የእንግሊዝ ጦር ሳጅን ለምልመላ ወጥቶ አንዲትን እናት ያገኛትና ልጅሽን ቴድን ወታደር ብናደርግልሽ ምን ይመስልሻል፣ ቀይ ኮት ለብሶ ትልቅ ባርኔጣ ደፍቶ ብታዪው ደስ አይልሽም ወይ ይላታል። ልጁ ይሄዳል። እሷ ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ዳር ሆና መርከብ ትጠብቃለች። በመጨረሻ መርከቧ ትመጣለች፣ ቴድም ይወርዳል፣ ግን በሁለት የእንጨት እግር። እናትየው ታዲያ ምን ብትለው ጥሩ ነው? ሰክረህ ነበር ወይስ ዓይንህ ጠፍቶ ነበር እነዚያን የመሰሉ እግሮችህን ጥለህ የመጣኸው? ወይስ ባሕር ላይ ስትራመድ አለቁብህ? አይ እማዬ አልሰከርኩም አልታወርኩም፣ ሜይ 5 ቀን መድፍ ነው ከጉልበቴ የወሰደብኝ ሲላት ደግሞ፣ ታዲያ መድፉ ሲመጣ ለምን አልሮጥክም ብላ ትቆጣዋለች።

ይቺን ሴትዮ ሁላችንም እናውቃታለን እኮ። ልጇ ተሰብሮ ደምቶ ሲመጣባት ከማልቀሷ በፊት የምትቆጣ እናት ናት፣ ቁጣው ውስጥ ያለውን ድንጋጤ ደግሞ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለኔ የነዚህ ዘፈኖች ጉልበት እዚህ ጋ ነው ያለው። ጦርነት መጥፎ ነው ብለው አይሰብኩም፣ ማን ጀመረው ማን አሸነፈ አይሉም፣ አንድ ሰው ቤቱ በር ላይ ይመጣና ቤት ያለው ሰው እግርህስ? ዓይንህስ? ብሎ ይጠይቀዋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ጄኔራል የለም። ሚሲስ ማክግራ መጨረሻ ላይ የልጄን እግር የወሰዳችሁበትን ቀን ታማርሩታላችሁ ብላ እሷው ራሷ በነገሥታቱ ላይ ጦርነት ታውጃለች፣ አንዲት መበለት ለብቻዋ!

ጭፈራውን በተመለከተ ደግሞ ዘፈኑ አዝማች አለው፣ አዝማቹም ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ነው፣ ቱሪ አ ፎል ዲድል ዲ አ እያለ የሚሄድ። ይሄ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ግጥሙን የማያውቀውም፣ አገሩን የማያውቀውም፣ አንቺም ጭምር፣ ሁለተኛው ዙር ላይ መቀበል ትችላላችሁ። እኛስ ብንሆን አውጪው ከባዱን ነገር ሲናገር ተቀባዩ አንድ ዓይነት ነገር እየደጋገመ አይደል የሚያግዘው? ሰው የሚያመውን ነገር ለብቻው መናገር ሲያቅተው አዳራሹ ሙሉ ይሸከምለታል። ዜማው ደግሞ ሰልፍ የሚያስወጣ ዜማ ነው፣ ወታደር ሊራመድበት ይችላል፣ እና ቃሉ ስለተቆረጠ እግር እያወራ ዜማው እግር ያንቀሳቅሳል። ጠረጴዛ የሚመታው ሰው ሀዘኑ አልገባውም ብለሽ አታስቢ፣ ገብቶታል።

ዘፈኑ የሚያወራው ከ1808 እስከ 1814 ስፔንና ፖርቱጋል ውስጥ ከናፖሊዮን ጦር ጋር ስለተደረገው ውጊያ ነው። የእንግሊዝን ጦር የመራው ዌሊንግተን ራሱ ደብሊን ነው የተወለደው፣ ተራው ወታደር ውስጥም አይሪሹ እጅግ ብዙ ነበር። በ1830 ከእንግሊዝ ጦር ተራ ወታደሮች ውስጥ ከመቶ አርባ የሚበልጠው አይሪሽ ነበር፣ አየርላንድ ግን ከመንግሥቱ ሕዝብ ሲሶ ያህል ብቻ ነበረች። መሬቱ የባለርስት፣ ኪራዩ የማይቻል፣ ሥራ የለም፣ እና ገበያ መሀል ከበሮ እያስመታ ቀይ ኮት ለብሶ የሚመጣ ሳጅን አለ፣ አንድ ሽልንግ ከእጁ ከተቀበልክ ተመዝግበሃል ማለት ነው። እንግዲህ ዘፈኖቹ ከዚህ ነው የመጡት።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍላችሁ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት የጉንዳኖች ሰልፍ ዘፈን አለ፣ አንድ አንድ እያሉ ሁለት ሁለት እያሉ የሚሄዱት። ዜማው ከአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ዘፈን ነው ይላሉ፣ ሌላው ደግሞ አይደለም አሜሪካኖቹ ከአይሪሾች የፀረ ጦርነት ዘፈን ነው የሰረቁት ይላል። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው፣ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ነው የሚያመለክተው። የአሜሪካኑ፣ ጆኒ ከዘመቻ ሲመለስ ደስ ይለናል የሚለው፣ በ1863 ነው የታተመው፣ የደረሰው ፓትሪክ ጊልሞር የሚባል የባንድ መሪ ነው፣ እሱም አየርላንድ ጎልዌይ አውራጃ ተወልዶ አሜሪካ የገባ ሰው። «ጆኒ አይ ሃርድሊ ኒው ዪ» የሚባለው የአይሪሹ ደግሞ በ1867 ለንደን ነው የታተመው፣ ጆሴፍ ጌገን የሚባል የአይሪሽ ልጅ ነው ለመድረክ የጻፈው፣ ለዛውም በዚያን ጊዜ ሰው ለማሳቅ በሚቀርብበት ሙዚቃ ቤት። ስለዚህ አይሪሹ ቀድሞ ነበር፣ ከመቶ ዓመት በፊት ሕዝቡ ያንጎራጉረው ነበር የሚለው ነገር አይቆምም።

አሁን ግጥሙን እየው። ሴትየዋ ኪልዴር አውራጃ ውስጥ አታይ ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ልጅ አስታቅፏት የጠፋውን ሰውዬ ታገኘዋለች፣ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ዘምቶ የመጣ። ያ ልቤን የወሰደው ዓይንህ የት ሄደ? ስትሸሸኝ የሮጥክበት እግር የት አለ? እጅ የለህ እግር የለህ፣ ሳህን ይዘህ ልመና ልትወጣ ነው፣ እና ጆኒ፣ አላወቅኩህም እኮ! እያለች ትቀጥላለች። በ1867 ይሄ የሚያስቅ ተብሎ ነው የተዘፈነው። ከዛ ሁለት የዓለም ጦርነት መጣ፣ ዓይኑ የጠፋ እግሩ የተቆረጠ ሰው በየሰፈሩ በየቤቱ ሆነ፣ ያው ዘፈን መሳቂያ መሆኑ ቀረ። በ1960ዎቹ ክላንሲ ወንድማማቾች ከቶሚ ሜከም ጋር ሹራባቸውን ለብሰው አሜሪካ መድረክ ላይ ሲዘፍኑት የቬትናም ጊዜ ወጣት ስለራሱ የተጻፈ ነው ብሎ ነው የሰማው። መጨረሻ ላይ ያለው፣ መድፎቹን እንደገና እያወጡ ነው፣ ልጆቼን ግን ሁለተኛ አይወስዱብኝም የሚለው ስንኝ ራሱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። ለኔ ይሄ ዘፈኑን አያሳንሰውም፣ እንዲያውም የበለጠ ያስከብረዋል፣ ምክንያቱም አንድ የመድረክ ቀልድ የነበረውን ነገር ወስዶ ወደ እውነተኛ ሀዘን የለወጠው ደራሲው ሳይሆን ሲቀባበለው የኖረው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሠላም፣ የሙታኑ መቃብር አጠገብ ቁጭ ብሎ ከሞተው ወታደር ጋር የሚያወራበት ዘፈን፣ ዊሊ ማክብራይድ የሚለው፣ የአይሪሽ ባህላዊ ነው አይደል?

መልስ፦ ባህላዊ አይደለም፣ አይሪሽም አይደለም። ኤሪክ ቦግል የሚባል ስኮትላንድ ተወልዶ አውስትራሊያ የሚኖር ሰው ነው፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም ያሉትን የአንደኛው የዓለም ጦርነት መቃብሮች ካየ በኋላ በ1970ዎቹ አጋማሽ የጻፈው። በ1916 የሞተ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መቃብር ላይ ቁጭ ብሎ ሚስት ነበረችህ ወይ? ሞትህ ፈጣን ነበር ወይስ ቆየህ? እያለ ይጠይቀዋል። ስሙን የአይሪሽ ስም ያደረገው በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ በአይሪሾች ላይ ጥላቻ በርትቶ ስለነበር፣ ለናንተም የሞቱ ናቸው ለማለት እንደሆነ ቦግል ተናግሯል። ፉሬይ ብራዘርስ ከዴቪ አርተር ጋር ሲጫወቱት አየርላንድ ውስጥ የቻርቱ አንደኛ ወጣ፣ ለወራትም ቆየ።

እንደዛ የተወደደበት ምክንያት አለው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ አይሪሽ ለእንግሊዝ ዘምቷል፣ ሲመለሱ ግን አገራቸው ከእንግሊዝ ለመላቀቅ በተነሳው የ1916ቱ አመፅ ተለውጣ ጠበቀቻቸው፣ የእንግሊዝን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጀግና አልነበረም። በየቤቱ ስሙ የማይነሳ አጎት፣ ሳጥን ውስጥ የተደበቀ ሜዳሊያ ነበር። ደብሊን አይላንድብሪጅ የተሠራላቸው የመታሰቢያ አትክልት ቦታ እንኳን በ1930ዎቹ መጨረሻ ተጠናቆ በይፋ የተመረቀው በ1988 ነው። አገር ዝም ባለበት ጊዜ በአንድ ስኮትላንዳዊ ዘፈን በኩል ነው ብዙ ሰው ስለ አያቱ ማውራት የጀመረው።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት። የጠቀሳችኋቸው ሁሉ ተጎድቶ ስለመጣ ሰው ነው። ከመጀመሪያውኑ አልሄድም ያለ የለም? ለቅሶ ብቻ ነው?

መልስ፦ አለ እንጂ! እንዴት ያለ እምቢታ መሰለህ። ከነዚህ ሁሉ እኔ የምወደውን ነው የጠየቅከኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ልርዘም።

«አርተር ማክብራይድ» ይባላል (ከላይኛው ዊሊ ጋር ዝምድና የለውም)። ፓትሪክ ዌስተን ጆይስ የሚባለው ዘፈን ሰብሳቢ ልጅ ሆኖ በ1840 አካባቢ ሊምሪክ ውስጥ ሲዘፈን ሰምቶታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት የአጎት ልጆች በገና ጠዋት ባሕር ዳር እየተንሸራሸሩ ነው፣ ቀኑ ጥሩ፣ ፀሐዩ ጥሩ። አንድ ሳጅን፣ አንድ ኮርፖራልና አንድ ትንሽ ከበሮ መቺ ልጅ ከፊታቸው ይመጣሉ። ሰላምታው በጣም ጨዋ ነው። ሳጅኑ ብትመዘገቡ አሥር ጊኒ ወርቅ አሁኑኑ እጃችሁ ላይ፣ መጠጫም እጨምርላችኋለሁ፣ ወታደር እኮ ሁሌ ንጹህ ለባሽ ነው፣ ደህና ይበላል፣ ድሃው ግን ቆሽሾ ጠዋት ቀጭን ሾርባ ይጠጣል ይላቸዋል። አስተውል፣ ውሸት አልተናገረም፣ የድሃው ኑሮ እንዳለው ነው።

አርተር የሚመልሰው መልስ ነው እንግዲህ የሚገርመው። በልብስህ አትኩራራ ይለዋል፣ ያንተ አይደለማ፣ በውሰት ነው የለበስከው፣ አንድ ማታ ልቀይረው ብትል ጠዋት ትገረፋለህ። ድሆች መሆናችን እውነት ነው፣ ግን ያንተን ገንዘብ ወስደን ፈረንሳይ ተልከን ሳናስበው በጥይት ለመሞት አይደለም። ይኼው ነው። ስለ ሰላም ንግግር የለም፣ ፖለቲካ የለም፣ ሁለት ሥራ ፈት የገጠር ልጆች የቀረበላቸውን ውል መስመር በመስመር አንብበው ሲመልሱት ነው የምትሰማው። ሳጅኑ ይቆጣል፣ ሰይፍ እመዛለሁ ይላል፣ እነሱ ግን በያዙት ዱላ ቀድመው ያቀምሱታል። ሰይፎቹ ወደ ባሕር ይወረወራሉ። ከበሮውንም እንደ ኳስ ሲራገጡት ይቆዩና ማዕበሉ ላይ ይለቁታል፣ እየተንከባለለ ይሄዳል።

ከበሮው ባሕር ውስጥ መግባቱ ቀልድ ብቻ አይደለም። ያ ከበሮ ነው በየገበያው ልጆቹን ሲጠራ የኖረው።

ፕላንክስቲ የሚባለው ባንድ በ1973 አውጥቶታል፣ ግን ፖል ብሬዲ ከአንዲ አርቫይን ጋር በ1976 ባወጡት አልበም ላይ ያለውን ነው መስማት ያለብህ፣ አንድ ሰውና አንድ ጊታር ብቻ። የሚገርመው ብሬዲ ይሄንን ቨርዥን አየርላንድ ውስጥ አይደለም ያገኘው፣ አሜሪካ እያለ ኬሪ ግሮቨር የምትባል የሜይን ሴት የቤተሰቧን ዘፈኖች ከሰበሰበችበት መጽሐፍ ነው። ከስደተኛ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ እዛ ተጠብቆ፣ ተመልሶ አገሩ ገባ ማለት ነው። ቦብ ዲላንም በ1992 ዘፍኖታል። ስትሰማው ጊታሩ ምን ያህል ዘና ብሎ እንደሚሄድ ልብ በል፣ ዱላው ሲመጣ እንኳን አይቸኩልም።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ደብረ ታቦር። ባለፈው ጽሑፋችሁ አይሪሾች በሰው ንጉሥ ጦርነት የሞቱ ምስኪኖች ሆነው ነው የቀረቡት። መቅደላ የወጣው ጦር ውስጥ ግን አይሪሾች ነበሩ። ይህስ?

መልስ፦ አባቴ፣ ትክክል ነዎት፣ ይሄን ሳያነሱ ማለፍም ተገቢ አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ አፄ ቴዎድሮስ ባረፉበት ቀን፣ የመቅደላን ቅጥር ቀድመው ከገቡት ውስጥ ሁለቱ የሠላሳ ሦስተኛው ሬጅመንት ወታደሮች ነበሩ፣ ሁለቱም አይሪሽ። አንደኛው ማይክል ማግነር ይባላል፣ የፈርማና ሰው፣ ሁለተኛው ጀምስ በርጊን፣ ዛሬ ሊሽ ከምትባለው አውራጃ። በርጊን ረጅም ስለነበር የእሾህ አጥሩን በሳንጃው ከፈተ፣ ማግነርን ደግሞ ከታች ገፍተው አወጡት፣ ሁለቱም ለዚህ የእንግሊዝ ትልቁ የጀግንነት ሜዳሊያ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለሙ። የማግነር ሥራ ምን ነበር ቢሉ፣ ከበሮ መቺ።

እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ «አርተር ማክብራይድ»ን በበፊቱ ጆሮዬ መስማት አልቻልኩም። በርጊን የተወለደው በ1845 ነው፣ የድንቹ በሽታ አየርላንድ የገባው በዚያው ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ በመጣው ረሀብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ሌላ ሚሊዮን ተሰደደ። እንግዲህ የረሀብ ልጅ አድጎ ሽልንጉን ተቀበለ፣ የራሱን አገር በያዘው መንግሥት ልብስ መጥቶ የኛን አምባ ወጣ። ተበዳይ መሆኑ እዛ ላይ ያደረገውን አይፍቅለትም፣ እዛ ላይ ያደረገውም የመጣበትን አይፍቅም። ዘፈኖቹም ይሄን ነገር በግማሽ ነው የሚናገሩት፣ ይሄንን በግልጽ ልበል፤ የልጅዋን እግር የሚጠይቁት ናቸው ብዙዎቹ፣ ልጅዋ የማንን እግር እንደቆረጠ የሚጠይቅ ከመሀላቸው ብዙ አላገኘሁም። ይሄ ጉድለታቸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ዘፈኖች ሁሉ ጦርነትን በጠቅላላው የሚጠሉም አልነበሩም። «ሚሲስ ማክግራ»ን በ1916 አካባቢ የአመፁ ታጣቂዎች ራሳቸው ይዘፍኑት ነበር፣ ለነሱ ትርጉሙ ለእንግሊዝ ንጉሥ አትሙቱ ነው፣ ለአየርላንድ ሙቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በ2006 ሲዘፍነው ግን ትርጉሙ ሰፍቶ የሁሉም እናት ሆነ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። እኔ የማውቀው የአይሪሽ ዘፈን «ዞምቢ» ብቻ ነው። ይቆጠራል?

መልስ፦ ይቆጠራል። ባህላዊ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ ግን ቤተሰቡ አንድ ነው። የክራንቤሪስ ዘፋኝ ዶሎረስ ኦሪዮርደን የሊምሪክ ልጅ ነበረች፣ ዘፈኑን የጻፈችው ማርች 1993 እንግሊዝ ዋሪንግተን ከተማ ላይ አይአርኤ፣ እንግሊዝን ከሰሜን አየርላንድ ለማስወጣት ይዋጋ የነበረው የአይሪሽ ታጣቂ ቡድን፣ ያጠመደው ቦምብ ሁለት ሕፃናት ከገደለ በኋላ ነው፣ በ1994 ወጣ። እሷም የጀመረችው ከዛው ከድሮው ቦታ ነው፣ ከልጅና ከእናት። የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር እዚህ ላይ ተጠያቂው የውጭ ንጉሥ አይደለም፣ በኔ ስም አትግደሉ ብላ ለራሷ ሰዎች ነው የጮኸችው፣ ለዚህ ድፍረት ያስፈልጋል።

በ2023 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ላይ የአየርላንድ ደጋፊዎች ፈረንሳይ ስታዲየም ውስጥ በአንድ ድምፅ ሲዘፍኑት ክርክር ተነሳ፣ በተለይ ከሰሜኑ ወገን ያሉ አንዳንዶች ዘፈኑ የአንዱን ወገን ጥፋት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ በወታደር ጥይት የሞቱብን ልጆችስ ብለው ቅር አላቸው። ቅሬታቸው ይገባኛል። በነገራችን ላይ እዛ አገር በአንድ ማታ፣ በአንድ ፐብ፣ ቱርክ ውስጥ ሱቭላ ባሕር ዳር ከመሞት በአየርላንድ ሰማይ ሥር መሞት ይሻላል የሚለው የ1916 አርበኞች ዘፈን ይዘፈናል፣ ከሱ ቀጥሎ «አርተር ማክብራይድ» ይመጣል፣ ያው ሰው ሁለቱንም ይቀበላል። ግራ ሊገባህ ይችላል፣ እኔ ግን እኛም ቤት ሠርግ ላይ ቀረርቶ ሲወጣ ጥግ ላይ እንባዋን የምትጠርግ እናት አይቼ ስለማውቅ ብዙም አይደንቀኝም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን። አባቴ በደርግ ጊዜ ዘምቶ በአንድ እግሩ ነው የተመለሰው፣ አሁን በሕይወት የለም። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ዝም ይል ነበር፣ ሬድዮ ላይ ሽለላ ሲመጣ ግን ተነስቶ ድምፁን ይቀንሰዋል። አይሪሾቹ ጋ ወታደሩ ራሱ፣ ከተመለሰ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚናገርበት ዘፈን አለ? እኛ ጋስ ለምን የለም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአባትህን ነፍስ ይማርልን። አለ፣ አንዱን በደንብ ልንገርህ።

«ፓትሪክ ሺሃን» ይባላል፣ የጻፈው ቻርልስ ኪክሃም ነው፣ በ1857። ሺሃን የሚባል በክራይሚያ ጦርነት ሴቫስቶፖል ምሽግ ውስጥ ዓይኑን ያጣ ወታደር ነበር፣ ደብሊን ግራፍተን ጎዳና ላይ ሲለምን ተይዞ ታሰረ። ጡረታው ለጥቂት ወራት ተከፍሎት ቆሞበት ነበር። ኪክሃም ይሄን ሲሰማ ዘፈኑን በሰውየው አፍ አድርጎ ጻፈው፤ ስሜ ፓትሪክ ሺሃን ነው፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አራት፣ አገሬ ቲፐሬሪ ብሎ ይጀምራል፣ ከእርሻቸው እንዴት እንደተባረሩ፣ ከረሀብ ለማምለጥ እንዴት እንደተመዘገበ፣ ዓይኑ እንዴት እንደጠፋ በተራ ሰው አነጋገር ይተርካል፣ መጨረሻ ላይ ወጣቶቹን እኔን አይታችሁ ተማሩ ይላቸዋል። ኪክሃም ራሱ ልጅ እያለ ባሩድ ፈንድቶበት ዓይኑና ጆሮው የተጎዳ ሰው ነው፣ ለዚህ ይመስለኛል ስለ ጨለማ ሲጽፍ አንድም የማጋነን ቃል ያልገባበት። ግጥሙ በአንድ ወረቀት ታትሞ በሳንቲም ይሸጥ ነበር፣ በየገበያው ተዘፈነ። አንድን ሰው ለልመናው ያሰረውን መንግሥት ስሙን ጠርቶ ያዋረደ ዘፈን ነው፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ወራት፣ ስለ ጎዳና ነው የሚያወራው። ጦርነት ካለቀ በኋላ ያለው ጦርነት እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች ነውና አባትህም ምናልባት እነዚህን ነበር የሚያውቀው።

እኛ ጋ የለም ያልከውን ግን አልቀበልህም። መድረክ ላይና ሬድዮ ላይ የለም ብትል ልክ ነህ፣ እዛ የገባው ሽለላው ነው፣ ምክንያቱም መንግሥት ሁሉ፣ የትኛውም መንግሥት፣ የሚፈልገው እሱን ነው። ሌላኛው ግን ወፍጮ ቤት፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ ልቅሶ ላይ፣ በሴቶች እንጉርጉሮና ሙሾ ውስጥ አለ፣ ዘማች ልጅ ስም ተጠርቶ። አይሪሾቹን ከኛ የሚለያቸው መዝፈናቸው አይደለም፣ እንደ ጆይስ ያለ ሰው ጊዜ ሰጥቶ በየቤቱ እየዞረ መጻፉ ነው፣ በኋላ ደግሞ ወጣቶች ያንን ወረቀት አንስተው ጊታር ይዘው መድረክ መውጣታቸው ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ አንተንም ሌሎቹንም አንባቢዎች። ሰፈራችሁ ውስጥ ልጃቸው ወይ ባላቸው ዘምቶባቸው ያንጎራጉሩ የነበሩ እናቶች ካሉ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልካችሁ ቅዱላቸው፣ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተሰማ፣ በየትኛው ዘመቻ ጊዜ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ፣ ግጥሙን ለማሳመር አትንኩት። ወደ ዝግጅት ክፍሉ ከላካችሁልን በሚቀጥሉት እትሞች ግጥሙን እናወጣዋለን፣ ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ እናቶችን ስም አናወጣም።